«ድል ስለሰጠኸን እናመሰግንሃለን» የሚለው ጸሎት በማን ፊት ነው የሚጸለየው? ከአሜሪካ ምርጫ በኋላ ስለመጣው እሑድ

ማለዳ (ሜሪላንድ)፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በዋሽንግተን አካባቢ በምትገኝ አንዲት የአማርኛ ተናጋሪዎች ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ክፍል አስተባባሪ ነኝ። የምጽፈው ማን መመረጥ ነበረበት በሚለው ላይ ክርክር ለመክፈት አይደለም። እርሱ ጥቅምት 26 ቀን ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ዶናልድ ትራምፕ 312 የመራጮች ጉባኤ ድምፅ አግኝተው 226 ያገኙትን ካማላ ሃሪስን አሸንፈዋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከዚያ በኋላ የመጣው እሑድ ነው።

ኅዳር 1 ቀን በምልጃ ጸሎት ሰዓት ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ማይክሮፎኑን ተቀብለው «ጌታ ሆይ፣ ድል ስለሰጠኸን፣ ጠላቶችህንም ስላሳፈርህ እናመሰግንሃለን» ብለው ጀመሩ። የጉባኤው ገሚስ «አሜን» አለ፤ ከኋላ እልልታም ተሰማ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበረች አንዲት እኅት ግን ልጇን አቅፋ ወጣች። የዚህች እኅት ወንድም ኬንያ ውስጥ በካኩማ የስደተኞች መጠለያ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ወደዚህ ለመምጣት የሚጠየቀውን ምርመራ ሁሉ ጨርሶ የጉዞ ቀኑን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ሽማግሌው ይህን አያውቁም እንዳትሉ፣ ያውቃሉ፤ አምና ስለዚሁ ወንድም ከእርሷ ጋር ሦስት ቀን ጾመዋል። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

የጸሎቱ መሪ እኔ ነበርሁ። ዝም አልሁና ቀጣዩን መዝሙር አስጀመርሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት እንድንጸልይ ታዝዘናል፤ ይህ ትእዛዝ የሚያልቀው፣ በእግዚአብሔር ስም የወገንን ድል ማክበር የሚጀምረውስ የት ላይ ነው? እንዲህ ያለው ጸሎት ከመድረክ ሲሰማ የጸሎቱ መሪ ምን ማድረግ ነበረባት?

ዳላስ 72፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ ማለዳ፣ ጥያቄሽን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በሽማግሌው ቦታ ሆኖ የሚናገር ሰውም ያስፈልጋል። እኔ ለአሸናፊው ድምፄን ሰጥቻለሁ፤ የሰጠሁትም ሰው በመጥላት ሳይሆን ስለ ፅንስ ሕይወትና ልጆቼ በትምህርት ቤት ስለሚማሩት ነገር ለረጅም ጊዜ ጸልዬ ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው ደስ ሲለው ወደ ጌታው ሄዶ ማመስገኑ እንዴት ነውር ይሆናል? ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ልመናና ጸሎት፣ ምልጃም ምስጋናም ይደረጉ ይላል። ምስጋና የሚለው ቃል እዚያው አለ፤ ጨምሬ አላነበብሁትም።

ደግሞም እውነቱን እንነጋገር። በ2013 ዓ.ም. ጆ ባይደን ሲያሸንፉ እኔ የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እልል ተብሏል። ትራምፕ ከምርጫው ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ግብፅ የአባይን ግድብ ልታፈነዳው ትችላለች የሚል ነገር ተናግረው ስለነበር ሁላችንም ቆስለን ነበርና። ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። የባይደን መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ከመነገድ ዕድል፣ እንደሚያስወጣት ሲያስታውቅ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በተደረገው የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ከእኛው ሰዎች ብዙዎች ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ፤ እርሱም ቴሪ ማካሊፍን በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። ያኔም «እግዚአብሔር ሠራ» አልን። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ያለው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሆን የጠየቀ አልነበረም፤ ዛሬ የጸለዩት አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ለምን ይወቀሳሉ?

ዲያቆን ዘአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምንም እንኳ የእምነት ቤታችን ቢለያይ ጥያቄው የእኛም ነውና ጥቂት ልበል።

የዳላሱ ወንድማችን «ምስጋናም» የሚለውን ቃል ማንሳታቸው ትክክል ነው። ነገር ግን ጥቅሱ ምስጋናው «ስለ ሰዎች ሁሉ» እንዲደረግ ነው የሚያዝዘው። የአንዱን ማሸነፍ ብቻ ለይተን ያመሰገንን እንደሆነ የቃሉን ግማሽ ትተናል። ይህ ትእዛዝ ሲጻፍ የሮም ቄሣር በምርጫ የተቀመጠ፣ ክርስቲያኖችም ድምፅ የሰጡት ሰው እንዳልነበረ ማስታወስም ይጠቅማል። ጸልዩ የተባለው ላልመረጡት፣ ሊመርጡትም ላልቻሉት፣ ሊያሳድዳቸውም ለሚችል ገዥ ነበር። ዓላማውም በዚያው ተጽፏል፤ ጸጥና ዝግ ብለን እንድንኖር ነው። ስለ ድል የሚናገር ቃል በዚያ ክፍል አላገኘሁም።

አሁን ደግሞ ስለዚያች እሑድ ልናገር፤ ነገሩን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ የቀን መቁጠሪያው ነበርና። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 1 ቀን በዘመነ ጽጌ ውስጥ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ የሚታሰበውም እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብፅ መሰደዷ ነው። እኅታችን ልጇን አቅፋ ከጉባኤው በወጣችበት ሰዓት፣ በዚያው ከተማ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ሌሊቱን ቆመው ያደሩ ካህናትና ምእመናን ልጇን አቅፋ ስለተሰደደች እናት ሲያመሰግኑ ነበር ያደሩት። ይህን የምለው እኛን ከፍ፣ እናንተን ዝቅ ለማድረግ አይደለም። እኛም ከማኅሌቱ ወጥተን በቅጥር ግቢው ውስጥ በጠላ ቤት ቃና ስለ ምርጫው ስንሰዳደብ አርፍደናል፤ ነጠላችንን እንኳ ሳናወልቅ።

ስለ ድንበሩ ለጠየቁት፣ እኔ የማውቀው ድንበር በቅዳሴው ውስጥ አለ። ዲያቆኑ «ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጽምት ወፍቅር፤ ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ሲል፣ ስለ ፍጹም ሰላምና ፍቅር ጸልዩ፣ እርስ በርሳችሁም በተቀደሰ ሰላምታ ተሳለሙ ማለቱ ነው። ይህ የሚታወጀው ከቁርባን በፊት ነው። ያስቀየመ ሰው ሳይታረቅ ወደ ቁርባኑ መቅረብ የለበትም። እንግዲህ አንድ ሰው ያቀረበው ጸሎት አጠገቡ የቆመውን ወንድሙን ሰላም ለማለት የማያስችለው ከሆነ ያ ጸሎት ድንበሩን አልፏል ብዬ እፈርዳለሁ። ጌታ ለሮም ግብር ይሰበስብ የነበረውን ማቴዎስን፣ ሮምን በመቃወም ከሚታወቁት ወገን ስሙን ያገኘውን ቀናተኛውን ስምዖንንም በአንድ ማዕድ አስቀምጧል። በመጀመሪያው ሳምንት በእነዚህ በሁለቱ መካከል የነበረውን ጨዋታ ወንጌል አለመጻፉ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

አንባቢ ብቻ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁሉም ጥሩ ነው። ማለዳ፣ እኅቲቱን ደውለሽላታል ወይ?

የናይሮቢው፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

በኬንያ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። በእናንተ ዘንድ የጸሎት አነጋገር የሆነው ነገር በእኛ ዘንድ ወዴት እንደደረሰ ልንገራችሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 27 ቀን 2007 የተሰጠው የፕሬዚዳንትነት ምርጫ ውጤት ሲታወጅ አገሩ ነደደ። ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከቤቱ የተፈናቀለው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። አዲሱ ዓመት በገባበት ቀን፣ በኤልዶሬት አጠገብ ኪያምባ በምትባል መንደር፣ ሸሽተው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጠለሉ ሴቶችና ሕፃናት ሕንፃው በላያቸው ተቃጠለ። የተጠለሉትም ክርስቲያኖች፣ አብዛኛው የአገሩ ሕዝብም ክርስቲያን ነው። ሁለቱ ዋና ተፎካካሪዎችም ክርስቲያኖች ነበሩ። ሃይማኖት አልለያየንም፤ አላስታረቀንምም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በየካቲት 2008 እ.ኤ.አ.፣ የኬንያ አብያተ ክርስቲያናት ብሔራዊ ምክር ቤት መሪዎች በአደባባይ ንስሐ ገቡ። ወገንተኞች ስለነበርን እውነቱን ለመናገር አቅም አጣን፤ በየብሔራችን ቆምን የሚል መንፈስ ያለው መግለጫ ነበር። እኔ ያንን ስሰማ ያዘንሁት ስለ መዘግየቱ ነው። ከምርጫው በፊት በየመድረኩ ለየወገኑ እጩ እጅ ተጭኖ ሲጸለይ ነበር። ከደሙ በኋላ «አስታራቂዎች ነን» ብለው ሲነሡ ማን ይስማቸው? አንዱ ወገን «አንተ የእነርሱ ጳጳስ ነህ» ይላል፣ ሌላው «አንተ የእነዚያ ፓስተር ነህ» ይላል። ማስታረቅ የሚችል ሰው አልቆ ነበር።

አሜሪካ ኬንያ አይደለችም፤ አውቃለሁ። ይሁንና እኅቴ ማለዳ፣ ሽማግሌአችሁ ነገ ያቺን እኅት ሊያጽናኗት ቢሄዱ በሩን ትከፍትላቸዋለች? የጸሎቱ ጉዳት በዚህ ይለካ።

ሰኔ 97 (አዲስ አበባ)፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁላችሁም የምትናገሩት ውጤቱ እውነተኛ ነው ብላችሁ ስለተነሣችሁ ነው። የአሜሪካው ይሁን፤ ተሸናፊዋም በማግስቱ ሽንፈታቸውን ተቀብለዋል። ነገር ግን «ለምርጫ ውጤት ክርስቲያን እንዴት ይመልስ» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ ሁልጊዜ «ተቀበል፣ ታረቅ፣ ጸልይ» ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ስሰጥ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበርሁ። ተሰልፌ የቆምሁት ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ከፊቴ የነበሩ እናት ዳቦ ቆርሰው ሰጥተውኛል፤ ማንን እንደሚመርጡ አልጠየቅኋቸውም፣ እርሳቸውም አልጠየቁኝም። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። በሰኔና በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት በተነሣው ሁከት፣ በኋላ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን እንደመዘገበው፣ 193 ሲቪሎች ተገድለዋል። በሰኔ 1 ቀን ሳምንት እሑድ ሄጄ የሰማሁት ስብከት ከሮሜ 13 የተወሰደ ነበር፤ «ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ።» ሰባኪው በዚያ ሳምንት ስለሞቱት ልጆች አንድ ቃል አልተነፈሱም። አጠገቤ ያለች ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ስትንሰቀሰቅ ሰባኪው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እኔ ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም።

ስለዚህ ዲያቆን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰላምታ ብቻ አይበቃም። የኮንጎ ካቶሊክ ጳጳሳት በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. በተደረገው ምርጫ ወደ 40,000 የሚጠጉ ታዛቢዎችን አሰማርተው ነበር። የምርጫ ኮሚሽኑ ፊሊክስ ቺሴኬዲ አሸነፉ ብሎ ሲያውጅ፣ ጳጳሳቱ ውጤቱ ታዛቢዎቻቸው ከሰበሰቡት ጋር እንደማይገጥም በግልጽ ተናገሩ፤ ሕዝቡ ወደ ዐመፅ እንዳይገባም ለመኑ። እውነቱንም ሰላሙንም አልተዉም። ይህን ማለት የቻሉት ግን ቀድመው በየጣቢያው ሰው አቁመው ስለቆጠሩ ነው። ምርጫው ካለፈ በኋላ ብቻ ድምፅዋን የምታሰማ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ነገር የላትም፤ ስለዚህ ወይ ታጨበጭባለች ወይ ትገሥጻለች።

ዳላስ 72፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

የአዲስ አበባዋ እኅቴ የጻፈችውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔ በ1997 በውጭ አገር ነበርሁና ያንን እሑድ አላየሁም፤ አዝናለሁ።

አንድ ነገር ልመን። በጥር 6 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ምክር ቤቱ ሲወረር «ኢየሱስ ያድናል» የሚል ሰሌዳ ይዘው የሚሮጡ ሰዎችን በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ በሕግ መወሰኛው አዳራሽ ገብተውም ጸልየዋል። ወደ 140 የሚሆኑ ፖሊሶች በዚያ ቀን ቆስለዋል። ልጄ «አባባ፣ እነዚህ የእኛ ሰዎች ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ባይደን ያሸነፉበት ምርጫ ተጭበርብሯል ተብለው የቀረቡላቸውን ክሶች ፍርድ ቤቶቹ እየመረመሩ ከስድሳ በላይ የሚሆኑትን ውድቅ አድርገው ነበርና፣ ኮንጎ ላይ የተባለው እዚያ አይሠራም፤ ማስረጃው ተቆጥሯል። በእኔ ወገን የነበረው ስሕተት ይህ እንደነበር አልክድም።

ሽማግሌውን በተመለከተ ግን አቋሜን አልቀይርም። በአደባባይ ማረም ሳይሆን በማቴዎስ 18 እንደተጻፈው ለብቻ ሄዶ መነጋገር ነው። እኅቴ ማለዳ ዝም ማለትሽም ያን ያህል አያስወቅስሽም፤ ሽማግሌን በመድረክ ላይ ማቋረጥ በእኛ ባህል ሌላ ቁስል ይሆን ነበር።

ማለዳ (ሜሪላንድ)፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

«አንባቢ ብቻ» ለጠየቅኸኝ፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አልደወልሁላትም ነበር። ይህን ሁሉ ለማላውቃቸው ሰዎች ስጽፍ አንድ ስልክ አልደወልሁም። በዚያው ማታ ደወልሁ።

እኅቲቱ አልተቆጣችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «‹ጠላቶችህን› ሲሉ እኔን ማለታቸው ነበር?» አለችኝ። እርሷ ዜግነት ስላላገኘች ድምፅ እንኳ አልሰጠችም። ቅዳሜ ከአንድ ሌላ ሽማግሌ ጋር ሆነን ያንን ጸሎት የጸለዩትን ጋሼን ቤታቸው አገኘናቸው። ጥያቄዋን እንዳለ ነገርኋቸው። «እኔ ያልሁት ፅንስ ስለሚገድሉት ነው» አሉ፤ ቀጥለውም ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሚስታቸው ቡና አቅርበው ሁለተኛው እስኪፈላ ድረስ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ «እርሷ በዚያ መኖሯን ረሳሁ» አሉ።

ስለ ቀጣዩ ጊዜ በጸሎት ክፍሉ ተወያይተናል። እኔ የምልጃው ጸሎት በጽሑፍ እንዲዘጋጅ፣ አሸናፊውም ተሸናፊውም በስም እንዲጠሩ፣ «ድል ሰጠን» የሚል ቃል እንዳይኖርበት አሳብ አቅርቤ ነበር። ብዙዎች አልወደዱትም፤ ጸሎትን ከወረቀት ማንበብ በእኛ ዘንድ መንፈስን ማጥፋት ተደርጎ ይታያል። ዲያቆን፣ በዚህስ ቀናሁባችሁ። በመጨረሻ የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም ሰው ስለ መንግሥት ከመጸለዩ በፊት በዚያ ሳምንት የሚፈሩትንና ያዘኑትን ስም ጠርቶ ይጀምራል። ትንሽ ነገር ናት፤ እንዴት እንደምትሆን አላውቅም።

የአዲስ አበባዋ እኅቴ ያነሣችው ነገር ግን ከእኛ አቅም በላይ ሆኖብኛል፤ ለጊዜው አልመልስም።

ማለዳ (ሜሪላንድ)፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ክር የምመልሰው ነገሩ ስላላለቀ ነው። ጥር 12 ቀን፣ ቃለ መሐላው በተፈጸመበት ዕለት፣ የስደተኞችን ቅበላ የሚያቋርጥ ትእዛዝ ተፈርሟል። የእኅታችን ወንድም ጉዳይ ቆሟል። በማግስቱ በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል በተደረገው ጸሎት ጳጳሷ ማሪያን ባዲ ፕሬዚዳንቱን ፊት ለፊት ስለ ስደተኞች ምሕረት እንዲያደርጉ ለምነዋል፤ በእኛ የጸሎት ቡድን የስልክ መስመር ላይም «ድፍረት ነው» ያለ አለ፣ «ነቢይ ናት» ያለም አለ፣ ሴት መስበክዋን ያነሣም አልጠፋም። ሁለት ሰዎች ከቡድኑ ወጥተዋል።

ጋሼ ትናንት ማታ ከባለቤታቸው ጋር ወደ እኅታችን ቤት ሄደው ነበር። እኔ አልነበርሁም፤ እርሷ ነች የነገረችኝ። ስለ ድምፅ አልተነጋገሩም። ድፎ ዳቦ ይዘው ሄደዋል፤ የወንድሟን የጉዳይ ቁጥርም ጽፈው ወስደዋል፤ ለወረዳቸው የምክር ቤት አባል ደብዳቤ እጽፋለሁ ብለዋል። እርሳቸው የመረጡት ሰው ነው።

የናይሮቢው፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ ማለዳ፣ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ በሎድዋር በኩል ወደ ካኩማ የምሄድበት ጉዳይ አለኝ። የወንድሟን ስምና የሚኖርበትን ብሎክ በዚህ ላይ አትጻፊው፤ በግል መልእክት ላኪልኝ። የምትልክለት ነገር ካለም እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ናይሮቢ ቢደርስልኝ እወስድለታለሁ።